በጀርባው ቅኔ አለ

ቅጹ አምስት መስመር አለው፤ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣
ዘመኑ፣ ይዞታው፣ መጨረሻው «ባለቤት»።
ከብቸና ወጣሁ ማለዳ መዝገቤን አቅፌ፣
ዝግባ ማርያም ደረስሁ የሱሃን ዳር አልፌ።
ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤቱን ከፈቱልኝ አጉረምርመው፣
ጽናጽሉን፣ ከበሮውን አስቆጠሩኝ አቧራ ጠርገው።
ከሣጥኑ ግርጌ ግን፣ ብል ከበላው ግምጃ ሥር፣
በፍየል ሌጦ ጥቅል፣ የታሰረ በጠፍር፣
ሰማንያ ሦስት ቅጠል ወረቀት። «ይህስ?» ብላቸው፣
«የዙራምባ ነው» አሉ፣ ሌላ የለም ቃላቸው።

ዙር አምባ? የዝማሬው ቤት? መዋሥዕት የሚመሰከርበት?
«አይ ልጄ፣ ፈረንጅ ነበር፤ ስሙ ነው የጠፋበት።»

ዛሬምባ ኖሯል። ሌዮን ዛሬምባ፣ የጦር መሐንዲስ ሰው፣
አገሩን ሦስት ነገሥታት እንደ ቅርጫ የመደቡበት፣ ርስት የለው፣ ደጅ የለው።
መድፍ የሚያሻግር ድልድይ ሊሠራ ለአንድ ደጃዝማች፣
ሁለት ክረምት ተቀመጠ ከገደሉ አፋፍ ታች።
ቋንቋውን አላውቅም፤ በሰው አስነበብሁ ጥቂቱን፣
ቀሪው ቁጥር ነው፣ ክብ ነው፣ ማን ያነባል መስመሩን።

«መጋቢት አራት። እነዚህ ሰዎች አምሳ አምስት ቀን እንቁላል አይበሉም።
ዶሮዋ ግን አትጾምም። ኖራዬን የማቦካው አሁን ነው።»

«ለጫንያለው፣ ለኖራ አቃጣዩ፣ ሦስት አሞሌ።
ለእንጉዳይ፣ ለሁለት መቶ አርባ እንቁላል፣ አንድ ጠገራ ብር።
አሥራ አንዱ ገምቷል ብላት፣
‹ጌታው፣ ሁዳዴ ነው፤ ማን አሽትቶት ያውቃል?› አለችኝ።»

«ለእናቴ፦ ዛሬ እንጨቱን ከቅስቱ ሥር አወጣን።
ደጃዝማቹ ከሥሩ እንድቆም አዘዙ።
ቆምሁ።
አቧራ ወረደብኝ። ድንጋይ አልወረደብኝም።»

ይህ ደብዳቤ አልተላከም።
ሰም ተንጠባጥቦበታል፤ ማኅተም ግን የለበትም።

አገላበጥሁት። በጀርባው ቅኔ አለ።
መሪጌታ ዕንባቆም፣ ብራና ባጠረበት ጊዜ፣
ባዶ ገጽ አይቶ እንጂ ምን ገዶት የፈረንጅ ትካዜ፣
ከቅስቱ ሥዕል ኋላ፣ ከድንጋዩ ልክ ማዶ፣
ጉባኤ ቃና ጽፏል ቀይና ጥቁር አዋህዶ።
ቀለሙ ሠርጎ ዘልቋል፤ ወደ መስኮት ብይዘው፣
የፈረንጁ ግማሽ ክብ ግዕዙን ተሸከመው።

ቄሰ ገበዙ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።
ሳቁ። ዝም አሉ። እንደገና አነበቡት።
«ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ወንዝም ሁለት ዳር።
ሰሙ እንጨቱ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ እስኪተማመን ከሥር ቆሞ የሚያድር።
ሲወጣ የሚቀረው ወርቁ ነው።»
ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው፦
«ያን ዕለት እሱም ከዳር ቆሞ አይቶ ነበር ማለት ነው።»

ድልድዩስ? በሦስተኛው ክረምት ሐምሌ ወሰደው።
መድፍ አልተሻገረበትም። የእንጉዳይ ልጅ ሙሽራ ሆና፣
አንድ የጨው ነጋዴ ከሰባት አህያ ጋር፣
ሌላም ማንም ያልመዘገበው ሰው።
ሰውየውን «ወደ ምጽዋ ሄደ» ይላሉ ገሚሱ፣
ገሚሱ «ከግራሩ ሥር ነው፤ ድንጋይ የለውም ከራሱ።»

ስጠቀልለው ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ፤
ኖራ ይሁን ምስጥ የፈጨው፣ ማን ያውቃል ምን እንደ ነበረ።
ቅጹን ሞላሁ። ብዛት፦ ሰማንያ ሦስት። ይዞታ፦ ጠርዙ የተበላ።
«ባለቤት» ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመች፣ ቆየች በዚያ መላ።
ፊቱ የመሐንዲሱ፣ ጀርባው የመሪጌታው፤
ቢሰነጥቁት ይሞታል፣ አንድ ቅጠል ነው ገላው።
ሁለቱንም ስም ጻፍሁ፣
በመሐላቸው አንዲት ጭረት ሳብሁ።
እጄ ደክሞ ነው መሰለኝ፣ ጭረቷ መሐል ላይ ጎበጠች።
አልሰረዝኋትም።