የረቡዕ ብልቃጥ

እሑድ ማታ፣ ራዶም፣ መስኮቱ አልቦታል፤
ድስቱ ውስጥ ብልቃጥ ከብልቃጥ ይጋጫል።
ግራዢና ጎመን በቋሊማ ሞላች፣
በየክዳኑ ላይ ቀን በቀን ጻፈች፤
ከዓርቡ ላይ ብቻ ጨውን ቀነስ አረገች፣
«ሲደክመው ግፊቱ ይነሣል» እያለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሼክ በየድንበሩ፣
ከባዱን መኪና አቁሞ ከዳሩ፣
የሷን ሰኞ በላ፣ የሷን ማክሰኞ፣
ብቻውን፣ በማንኪያ።

ባለፈው ሐሙስ ድርጅቱ ተዘጋ፤ መኪናው ተሸጠ።
እጇ ግን አልሰማም፤
ቀቀለ፣ ሞላ፣ ጻፈ።

ረቡዕ፣ ወጥ ቤታቸው፣ ሌሼክ ክዳን ከፈተ፤
ልታሞቀው ብትነሣ «ተይው» ብሎ ማንኪያ ሰጣት።
ቀመሰችው፤ ቀዝቃዛ፣ ስቡ የረጋበት።

«እንዲህ ነበር እንዴ?»

«የረቡዕስ ደግ ነው» አለ፣
«የዓርቡ ነው እንጂ ጨው የሚያንሰው።»