አራት ሚሊ

ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰው ጫማውን አጥልቆ ሲወጣ፣
እኔ ከምሰሶው ሥር እቀራለሁ፣ ብርሃኑ እስኪመጣ።
ዚክሬን ጨርሼ ሙስበሃዬን ጉልበቴ ላይ አሳርፋለሁ፤
ትንፋሼን፣ ሲሄድ ሲመለስ፣ እንደ ጎረቤት አየዋለሁ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ አለ፤ ጅማ ዝናብ መች ታጣለች፤
አንዷ ጠብታ ከኮርኒሱ ሾልካ ባልዲ ውስጥ ትወድቃለች፣
"ጠብ" ትላለች፤ ዝም ትላለች።
ያቺ ሩብ ሰዓት ናት የኔ፤
ኪራይ የለ፣ ዕዳ የለ፣ የለም "ለምን"፣ የለም "እኔ"።

ከዚያ ደጁ ላይ ጫማዬን ስፈልግ፣
ሌላ ሰው አጥልቆት ሲሄድ ሳይ፣ በዚያ በአጥሩ ጥግ፣
ያ ሁሉ ጸጥታ የት ገባ?
"ኧረ አንተ ሌባ!"

ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ፣ ሰላሜን እዚያው ትቼ፣
እንደ ጃንጥላ ረስቼው፣ ዝናቡ ውስጥ ገብቼ።

የምሠራው ሄርማታ ነው፣ መስታወት ቤት፣ ከአባ ጨብሳ ጋራ።
ስማቸው በኦሮምኛ "ሰባሪው" ማለት ነው፤ ሰፈሩ በዚህ ይስቃል፤
በአርባ ዓመት የሰበሩትን ለመቁጠር አንድ ጣት ይበቃል።
ስለዚያ ስላንዱ ግን እሳቸው ፊት አይወራ።
አልማዟን ነጭ ጋዝ ነክረው፣ በማስመሪያው ጠርዝ አንዴ ይስባሉ፤
መስመሩን ደግመው አይሄዱበትም፤ "ሁለቴ መጫር ድንጋጤ ነው" ይላሉ።
ከሥር በጣት ነካ ሲያደርጉት፣ መስታወቱ በራሱ ይከፈላል፤
ያለ ጠብ እንደሚለያዩ ወንድማማቾች፣ የየድርሻውን ይይዛል።

አንድ ሐሙስ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ከኮቺ ጤና ጣቢያ ትዕዛዝ መጣ፣ የማዋለጃው መስኮት ተመትቶ፤
ሜትር ከሃያ በሰማንያ፣ አራት ሚሊ።
ባጃጅ ያንገጫግጨዋል፤ ስለዚህ በእግር፣ በእጅ፣
እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ መሐላችን የማይታይ ደጅ።
የከሰል አህያ ጎኔን ትታከካለች፤ ወያላው "አጂፕ! አጂፕ!" ይላል፤
ዝናቡ እንደ ልማዱ ሳያስፈቅድ ከች ይላል።
ይባስ ብሎ ከፊት ለፊቴ ናስር አባ ፊጣ ብቅ አለ፣
ስምንት ሺህ ብሬን የካደ፣ "ሰላም ነህ ወይ?" እያለ።
ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወጣ፤ ጣቶቼ ጠርዙን ጨመደዱ፤
መስታወቱ "ቂው" አለ። አባ ጨብሳ ሳይዞሩ፣ ሳይናደዱ፣
"አጥብቀህ ስትይዘው ይሰበራል፤ ካላላኸው ይወድቃል፤
ተወው፤ መዳፍህ ያውቃል።"

ተውኩት። ናስርም በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ሄደ፣
እንደ ማንኛውም መንገደኛ፣ ካፖርቱ ላይ ዝናብ እየወረደ።
ዕዳው አልተሰረዘም፤ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ፤
ያን ሐሙስ ግን እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ መስታወት ይዣለሁ።

ገጥመን ስንመለስ፣ ከአዌቱ ድልድይ ላይ ጥቂት አረፉ፤
ወንዙ ፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ ዓይናቸውን እዚያ አሳረፉ።
"ያቺን አንዷን የሰበርኳት" አሉ፣ "በገዛ ቤቴ ደጃፍ ነው፤
የጅሬንን ዳገት ወጥቼ፣ ያን ሁሉ ገበያ አልፌው፣
ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ፣ 'እፎይ፣ ደረስኩ' ብዬ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ከምሰሶው ሥር ስነሳ "ደረስኩ" አልልም፤
ያቺን ጠብታ፣ ያቺን ዝምታ፣ ብብቴ ውስጥ አልሸጉጣትም፤
በጠርዟ ይዤ እወጣለሁ።

ሁልጊዜ አይሳካም። ትናንት ከባጃጅ ነጂ ጋር፣ ለአሥር ብር፣
ስጨቃጨቅ፣ ከሽ! አለች፤ ስባሪዋ አይቆጠር።
ጠረግኩት። ማለዳ ሌላ ቆረጥኩ።

ዛሬም፣ ይኸው ከደጁ፣ ጫማዬ በቦታው የለም።
የቀረው የሌላ ሰው ነው፤ ጥቁር ነው፣ ይመስላል፣ ግን ልኬ አይደለም።
አጠለቅኩት።
ወደ ሄርማታ ቁልቁል፣ ካፊያው ትከሻዬን ይነካኛል፤
ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤
አንድም መስታወት ይዣለሁ፣ አንድም ጫማው ይጠበኛል።