አሥራ አንድ ደቂቃ ጨለማ

መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ፣ ከዜማው በፊት
ሳል ነው የሚሰማው፤
የላክሰን ካፔምብዋ ሳል፣ የመዳብ አቧራ ያደረበት፣
ከሳንባው ወለል የሚነሣው።
"ይሄን ቁረጠው" አሉኝ። አልቆረጥኩትም።
ከሳሉ ወዲያ ጊታሩ ሲያጓራ
ማን ማንን እንዳስነሣ አልለየሁትም፤
ሁለቱም ከአንድ ደረት፣ ሁለቱም ከዚያው አቧራ።

ሉዋንሺያ፣ የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ፣ ቅዳሜ ማታ።
ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ከትምህርት ቤት የተዋሰ፣
በሩ ላይ የቲኬት ቆራጯ የናምፉንድዌ ጫጫታ፣
ግድግዳው ላይ የሆነ ሥራ አስኪያጅ ፎቶ፣ በምስጥ የፈረሰ።
"የጉድጓድ ወፎች" ሠላሳ ስምንት ዓመት
ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤
የተጣሉት በአንድ አምፕሊፋየር ነው።
ማን እንደሸጠው እስከ ዛሬ አይታወቅም።
(ሁሉም ያውቃል። አይናገሩም።)
አንዱ ንዶላ ጎማ ሲጠግን፣
አንዱ ዲያቆን ሆኖ ባሱን አልጋ ሥር ሲደብቅ ኖሮ፤
ፊንያስ ግን፣ ከበሮ መቺው፣
ቀብር ከቀብር በሚጋጭበት በዚያ ዘመን
ሰው ስሙን ጮክ ብሎ በማይጠራው በሽታ፣ ድሮ።

በፊንያስ ወንበር ልጅ እግር ተቀመጠ፤
ሲካላንግዌ ይሉታል፣ ሰዓት የዋጠ።
አንዲት ምት አትስተውም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ
እንደ ጡረታ ደመወዛቸው
ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይተው ይመጣሉ።
የመጀመሪያው ገጽ ይኸው ጭቅጭቅ ነው፦
እሱ ይሮጣል፣ እነሱ ይጎተታሉ፣
ኦርጋኑ መሃል ገብቶ እንደ ጎረቤት ይሸመግላል፣
ጊታሩ ማንንም አይሰማም፤ ይጠማዘዛል፣ ይቀልጣል፣
ወጣት ሳሉ ያዩትን ቀለም ሁሉ
አንድ በአንድ ከጣሪያው ላይ ያወርዳል።

ሦስተኛው ዘፈን መሃል፣ ላክሰን ክሩን ሲያጦዘው
መብራት ሄደ።
ኦርጋኑ ትንፋሽ አጥሮት፣ አቃስቶ ወረደ።
የኔ ቴፕ ብቻ አልቆመም፤
የመኪናዬን ባትሪ ነቅዬ መጥቻለሁ፣
አገሬን አውቃታለሁ።
"ካፑምፔ፣ ትቀዳለህ?" የሚለው ዲያቆኑ ነው።
"እቀዳለሁ" የሚለው እኔ።
በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሸክላ ላይ ያለኝ ድምፅ ይህችው ናት።

ሌላ አገር ቢሆን ያፏጩ ነበር።
እዚያ ግን አዳራሹ ዝም አለ።
ከመሬት በታች መብራት ሲጠፋ ማንም አይጮህም፤
በቆመበት ቁጥሩን ይጠራል፣
ማን እንዳለ ይታወቅ ዘንድ፣ ማን እንደሌለ።
ከኋላ ወንበር ሻካራ ድምፅ፦ "አንድ።"
ከበሩ በኩል፦ "ሁለት።"
ሦስት። አራት። አምስትን ያለችው ሴት ናት፤
ባሏ ቤቱንና ቁጥሩን ነው ያወረሳት።
ሲካላንግዌ ዱላውን አነሣና
በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር አንድ ምት አኖረ።
አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።
ከዚያ ማንም አልተናገረ።

ዱላውን አየር ላይ እንደያዘ ጠበቀ።
ሰዓት የዋጠው ልጅ ያን ጊዜ ዘገየ።
ፊንያስ ጉድጓድ ሲወርድ ቁጥሩ ስንት እንደነበር
ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀ።
"አሥራ ስምንት" አለ አንዱ።
ከበሮው ቀጠለ።

ዲያቆኑ የባሱን ሆድ በመዳፉ ይመታል፣
የላክሰን ክር ያለ ኤሌክትሪክ እንደ ደረቅ ሣር ይንኮሻኮሻል፤
ቁጥሩ ዞሮ ይመለሳል፣ ከአንድ ይጀምራል፣
አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል።
አሥራ አንድ ደቂቃ።
መብራቱ ሲመጣ አምፕሊፋየሩ ብቻውን ጮኸ፣
ሕዝቡም ጮኸ፣ ልጁ ግን
ያችን ባዶ ቦታ አልዘጋትም፤
እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ክፍት ናት።

ባለፈው ሳምንት ከሮተርዳም
አንድ ደንበኛ ሸክላውን በፖስታ መለሰው።
"ሁለተኛው ገጽ ተጭሯል፤ በየመሃሉ ይዘላል"
ይላል ወረቀቱ፣ በትሕትና።
አውጥቼ መስኮት ፊት አዟዙሬ አየሁት፤
ጥርት ያለ ነው፣ ጭረት አላገኘሁበትም።
ሌላ ልኬለታለሁ።
እሱም ይዘላል።