ኩላሊት ያጤሰውን

«ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን፣ እሱ ብቻ ያውቃል»
ይሉ ነበር አባቴ፤
እኔ ግን ጅማ ላይ፣ በወንዶች ክፍል፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ
ጭሱን ፍለጋ ነው በየአልጋው ሥር መጎንበሴ፣ ማምሸቴ።

ልብ እንኳ ይናገራል፤ ይደልቃል፣ ደረት ያስይዛል።
ሳንባ ያስላል። ሆድ ይጮኻል።
ኩላሊት ጨዋ ነው፤ ሲሞትም አይጣራ፣
ከወገብ በስተኋላ፣ ሳያሰማ፣ ሳያወራ።

አልጋ አሥራ አንድ። አባ ዲጋ።
በሦስት ቀን ተቅማጥ እንደ በጋ ጅረት ነጥፈው
ከሰቃ የመጡ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው።
«አባ፣ ሽንት?» አልኳቸው። «ከጠዋት ወዲህ ስንት?»
ፊታቸውን አዞሩ። በልጅ ፊት እንዴት ይነሣል ሽንት?
ልጃቸው ሲንቦኔ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፦
«ደፋሁት» አለች፤ «ትንሽ ናት። ጠቁራለች። አፈርኩ።»

የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆረጥኩላት፤
በእስክሪብቶ መስመር፦ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ መቶ፣ ጻፍኩላት።
«ሚዛንሽ ይቺ ናት፤ እንደ ወርቅ መዝኚ፤
ሳላይ እንዳትደፊ። ባሸልብም ቀስቅሺኝ።»

ላብራቶሪው ኬሚካል ጨርሷል፤ ክሬአቲኒን ነገ ከሰዓት።
ባለፈው ጥቅምት፣ አልጋ ሰባት ላይም፣ «ነገ» ነበር ያልነው።
ወረቀቱ ሲደርስ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤
አልጋው ላይ ግን አንሶላ ይቀየር ነበር፣
ለሌላ ሰው።

ሌሊት ስድስት። ሠላሳ።
ዘጠኝ ሰዓት። ያው ሠላሳ።
ውሃው አልተነሣም፤ እኔ ተነሣሁ።
የዶክተር ሌንጂሳን በር ደበደብኩ።
«ክሬአቲኒኑ ስንት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ።
«አልመጣም። ጠርሙሱ ግን መጥቷል። ይኸው።»
በባትሪ መብራት አየው። ዝም አለ።
ጄንታማይሲኑን ሰረዘ፤ «ሳላይን ክፈቺ» አለ፣
«ሳንባቸውንም በየሰዓቱ አድምጪ።»

የፈጅር አዛን ሲሰማ፣
አዌቱ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ድምፅ ሲያወጣ፣
ሲንቦኔ መጣች፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ
እንደ ተሳለች ሴት፣
ሻሿን ረስታ፣ በተኛው ሁሉ መሐል፦
«መቶ!» አለች። «ከመቶም ትንሽ አልፋለች!»

መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ቁጥሩ ተንጋደደብኝ።
መዳናቸው ገና ነው። ወረቀቱም ገና ነው።
ጭሱን ግን፣ ለዛሬ፣ ቤቱ ሳይነድ አየነው።

አባ ዲጋ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ አፈሩ፤
ፈገግ ሲሉ ግን
ጠርሙሱን ሳነሳ አይቻቸዋለሁ።