የጭሱ ድርሻ

አባቴ፣ በአክሱም አንጥረኛ፣ የንሐስ መስቀል ይለብጣል፤
ወርቁን በባዜቃ ያሟሟል፣ ፍም ላይ ያገላብጣል፤
ባዜቃው በኖ ይጠፋል፣ ወርቁ ከንሐሱ ይጣበቃል።
«ወዴት ሄደ?» ስለው፣ በአገጩ አሳየኝ ጣሪያውን፤
«እንደ ጸሎት ያርጋል፤ ማን ያውቃል መድረሻውን?»
በአርባ ዓመቱ ጀመረ እጁ መንቀጥቀጡን፤
በሁለት መዳፍ ያዘ የውኃ ጣሳውን።
ሰዉ «እርጅና ነው» አለ።
በአርባ ዓመቱ!

ሰምና ወርቅ ይላል ያገሬ ሰው ቅኔ ሲፈታ፤
ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ ወርቁ ይቀራል ለጌታ፤
ጭሱስ የማን ድርሻ ነው? ማን ጻፈለት ቦታ?

አሁን ራምስ ነኝ፣ በባሕረ ሰላጤው አፋፍ፤
ጀልባ ከነመረቡ የሚያድር ከቤት ደጃፍ፤
በማንግሮቩ ጭቃ የፍላሚንጎ ክንፍ፤
ከማዶ፣ ሌት ተቀን፣ የኃይል ማመንጫው አፍ።

አልዋሽም፤ ያ ጭስ ማውጫ ነው ሌሊት የሚያስተኛኝ፤
ውጭው አርባ ስምንት ሲሆን ቀዝቃዛ አየር የሚያድለኝ፤
የሠራተኛ ክፍሌ ያለ እሱ ምድጃ በሆነችብኝ።

የእመቤቴ የሞዛ አባት፣ ኸልፋን፣ ጢሙ ጨው የመሰለ፣
ከንዓድ ይዞ ይመጣል፣ ክንዱን ያከለ፤
ልጁ አርግዛለችና «ብዪ፣ ለሕፃኑ ነው» እያለ።
እኔ ቅርፊቱን እፍቃለሁ፤ ብር ይረጫል ግድግዳው፤
ዓይኑ የጠራ መስታወት፣ ሽታው ባሕር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ሪጂና የምትባል መጣች፤
መቀስና ፖስታ ይዛ «ፀጉር ስጡኝ» አለች።
«ፀጉር ደብተር ነው» አለች፤ «በወር አንድ ጥፍር ያድጋል፤
የበላችሁትን ሁሉ ከሥር ከሥሩ ይጽፋል።»
ከሞዛ ማጅራት ቆረጠች፤ ከእኔም።
ከአንድ ድስት ነውና የሚበላው።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ መጣ።
«ዚእበቅ» አለች ሪጂና። ቃሉን አላወቅሁትም።
ከቦርሳዋ አሮጌ ቴርሞሜትር አወጣች፤
በመስታወቱ ውስጥ የብር ክር።
ባዜቃ!
የአባቴ እንግዳ።
በጣሪያ የወጣው በድስት ገባ።

ከከሰሉ ይነሣል፣ ከጭሱ ጋር ይጓዛል፤
ዝናብ ባይኖር እንኳ ከአቧራው ጋር ይወርዳል፤
ጭቃው ውስጥ ዓይን የማያየው ፍጥረት ይውጠዋል፤
ያን ሰርዲን ይለቅማል፣ ሰርዲንን ከንዓድ ይሰለቅጣል፤
ከንዓድን ንስር፣ ከንዓድን ሞዛ፤
ከሞዛም ያልተወለደው ይካፈላል።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ ነበር እኛ ዘንድ፤
ዘንዶው ሳይጎረጎር መጣ፣ ተጠቅልሎ በዓሣ ሆድ።

ኸልፋን ማዘጋጃ ቤት ሄደ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፤
ከጎጆዋ የወደቀች ንስር አቅፎ፣ ፎጣ አልብሶ።
ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ቆሞ ተቀበለው፤
«ማጣሪያማ አለ፣ አጎቴ፤ ዋጋው ነው ያስቸገረው።»
«ዋጋውንማ» አለ ኸልፋን፣ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ እየፈታ፣
«ስንከፍል ከርመናል። ደረሰኝ ነው ያልሰጣችሁን።»

ይገባል ተባለ። በክረምት፣ ወይም ከክረምት ወዲያ።
እስከዚያው ሞዛ ሰርዲን ትበላለች፤
ትንሽ ዓሣ፣ ትንሽ ዕዳ።
ሽማግሌው ትልቁን ወደ ባሕሩ ይመልሳል፣
እያጉረመረመ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ።

ማታ ለወንድሜ ለአጽብሃ ደወልኩ፤
የአባታችን ጉጠትና ወናፍ ዛሬ በእሱ እጅ ነው።
«እጅህ እንዴት ነው?» አልኩት።
ዝም አለ።
«ደኅና ነው» አለ ቆይቶ።
«ስትለብጥ መስኮቱን ክፈት» ልለው ነበር፤
ምላሴ ላይ ቆመ።
መስኮቱ ቢከፈት ጭሱ ወዴት ይሄዳል?
ከመስኮቱ ማዶ የማን ልጅ ይጫወታል?