ከታች የወጋችው

የጋጣው በር መቃን በቢላ ተጭሯል፤
በያንዳንዱ ጭረት አንድ ቀን ተቀብሯል።
እንግዳ ሲመጣ ቆም ብሎ ያይና
«የልጅ ቁመት» ይላል። ባርላ ትስቅና፦
«ልጅስ አይደለችም፤ ጣት የማታህል ናት፤
ቅንጣት አላደገች ሰባ ዓመት ብንለካት።»

አባቷ ጀመረው፤ ጃኸን፣ የመንገድ ሰው፣
ክረምቱን በሙሉ በረዶ የሚዝቀው።
ግንቦት ሲጋመስ፣ ከብቱ ገና ሳይወጣ፣
ሽቅብ ይሄድ ነበር፣ አንዲት ነገር ሊያጣ
ወይ ሊያገኝ፣ በረዶው በሳሳበት ቦታ።

ሶልዳኔላ ይሏታል በአልፕስ ትከሻ።
ቅጠሏ ክብ ሳንቲም፣ ቆዳ የመሰለ፤
ደወሏ ወይን ጠጅ፣ ጫፉ የተተለተለ።
በረዶው እስኪቀልጥ ቆማ አትጠብቅም፣
ከሥር ሆና ትበሳዋለች።
«ትንፋሿ ይሞቃል» ይላሉ ሽማግሌዎቹ።
ጃኸን ምንም አይልም። ቀኑን ይጭራል፦
ግንቦት አሥራ ዘጠኝ። ግንቦት ሃያ አንድ።

ከዚያ ያ የካቲት።
ፕላጺ፣ ወንድሟ፣ ገና አሥራ ዘጠኙ፣
ድርቆሽ ሊያወርድ ወጥቶ፣ ተራራው ተናደ።
አንድ ነጭ ድምፅ፤ ከዚያ ምንም።

ሃያ ሦስት ወንዶች ተሰልፈው ወጡ፣
ረጅም ዘንግ ይዘው። አንድ እርምጃ። ወጋ። ነቀል።
አንድ እርምጃ። ወጋ። ነቀል።
ዘጠኝ ቀን ከላይ ወጉት ያንን ነጭ፤
ዘንጉ ድንጋይ አገኘ፣ የጥድ ግንድ አገኘ።
በአሥረኛው ቀን ደወል ተደወለ፣
ዘንጎቹም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተመለሱ።

ያን ዓመት ጃኸን ሽቅብ አልወጣም።
ባርላ ናት የወጣችው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣
በእናቷ ጫማ፣ አፍንጫው ላይ ጨርቅ ተወትፎበት።
የበረዶው ጠርዝ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፤
በየቀዳዳው አንዲት ደወል ታቀረቅራለች።
ያ ሁሉ ወንድ ከላይ ወግቶ ያጣውን
እነዚህ ከታች ወግተው
አሳዩአት፦
የሱፍ ጓንት፣ የግራ እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ
ቡናማ ክር ቢያልቅባት ራሷ በቀይ የጠቀመችው።

ምን ተሰማሽ ሲሏት፣ «ይቀዘቅዝ ነበር» ትላለች፤
ስለ ጓንቱ ይሁን ስለ ቀኑ አይታወቅም።
ማታ ቢላውን ከአባቷ ኪስ አወጣች፤
ጃኸን አየ፣ አልከለከለም።

አሁን ሰባ ሁለት ሞላት። ጭረቶቹ
ከግንቦት ወደ ሚያዝያ ሸሽተዋል፤
በረዶው ቸኩሏል፣ እሷም አብራ ትቸኩላለች።
ከከተማ የመጡ ተማሪዎች መቃኑን ፎቶ አንስተው
«ትልቅ መረጃ ነው» አሏት።
«መረጃ» አለች ባርላ፣
ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠች።
ከዚያ አንዲቱን ጭረት፣ ጥልቋን፣ ጠማማዋን፣
በአውራ ጣቷ ሸፈነችና
«ይቺን አትቁጠሯት» አለች።