ጠብቆ ሲነበብ

ሽምብጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከቆርቆሮው ጋራዥ ውስጥ፣
አባቴ የጀልባ ሞተር ሲፈታ፣ ሲገልጥ፣
እኔ ባዶ በርሜል ላይ ደብተሬን ዘርግቼ፣
ለአስጎብኚዎች ፈተና ቅዳሜን ሰውቼ፣
የጣሊያን ቃል እፈታለሁ ቀለም በቀለም፤
ከአባቴ መፍቻ ጋር ብዙም ልዩነት የለም።

«ማክ — ኪ — ና። ምቱ ከፊት ነው፣ ሌላው ይከተላል፤
‹ተንሸራታች› ይሉታል ይህን ዓይነቱን ቃል።»
«ፍሬን ቢያጣ ነዋ» ይላል አባቴ፣ ይስቃል።

«ካች — ቻ — ቪ — ቴ። ይኼ ሜዳ፤ ‹ቪ› ላይ ነው ምቱ።»
«እዚያው ጋ ይዘሽ አቀብዪኝ» ይላል፣ ግራሶ ነው ፊቱ።

«ቡል — ሎ — ኔ።» ቀና አለ። «‹ኔ›ን ደግሞ ማን አመጣው?»
«ጅራቱን እኛ ቆርጠን ነው።» «ታዲያ አሁን ማን ያምጣው?
በዚህ ሁሉ ክረምት፣ በዚህ ሁሉ ዝገት፣
ጅራት ያለው ቡሎን የት ይገኛል፣ የት?»

መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ ሐይቃችንም ወጣ፦
ታ — ና። የአውሬ ጎሬ።
«ጉማሬው ሰምቶ ይሆናል» አለ፣ ካንዴላ እየጠረገ።

ከዚያ አንድ ቃል መጣ፣ ሁለት ልብ ያለው፦
አንኮራ።
ከፊት ሲመታ መልሕቅ፣
መሃሉ ሲመታ «ገና»።
ምልክት የለው፣ ነጥብ የለው፣
አንባቢው ነው የሚያውቀው።

«እንዴት ያለ ክፋት ነው!» አልኩ።
አባቴ ዝም። የእጁ ጨርቅ ቆመ።
ምንውየለት ትዝ ብሎት ነው፣ የዘጌው።

ኅዳር ላይ ልጁን ልኮ «ሞተሬ መቼ ነው?» ቢለው፣
አባቴ በካርቶን ቅዳጅ
«ገና ነው» ብሎ ጻፈለት።
ምንውየለት አጠበቀው።
ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ በማለዳ፣
ነጭ ለብሶ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ፣
ታንኳውን እየቀዘፈ መጣ፤
ሞተሩ ማዳበሪያ ላይ ተበትኗል፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።
ዶሮውን መልሶ አልወሰደም።
በላነው፤ አንገታችንን ደፍተን።

ዛሬ አባቴ የመጨረሻዋን ቡሎን ሩብ ዙር አዞረ።
«ፊደላችን መጥበቁ በምን ይታወቃል?»
«በጆሮ።»
«ቡሎንም» አለ፣ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ።

ፀሐይ ደንገሉ ውስጥ ገብታለች።
«አለቀ?» አልኩት።
«ገና።»

አላልታችሁ አንብቡት።